ያልተጠራ ደቦ

ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ የምንኖረው ካሳንቺስ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ ተጠጋግተው በተሠሩ የቀበሌ ቤቶች ነበርና፣ መብራቱ ድርግም ሲል የግቢው ልጆች በጨለማ እየተደናበርን ጋሽ ዘለቀ ቤት እንገባለን። ጋሽ ዘለቀ ከዘበኝነት ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ኩራዛቸው ከብርሃኑ ጭሱ ይበዛል። ከሰሉ ቶሎ እንዳያልቅ አመድ ነስነስ ያደርጉበታል፤ እኛም ጉልበታችንን አቅፈን ፍሙን ከብበን እንቀመጣለን። ክረምት ከሆነ ጣራው ያፈሳልና መሀላችን ሳፋ ይቀመጥ ነበር።

ደጋግመው የሚነግሩን የአንድ ስስታም ገበሬ ተረት ነበር። ሰውየው እህሉን የሚያጭዱለትን ጎረቤቶቹን ደቦ ይጠራና ጠላውን ደብቆ፣ በሩን ዘግቶ ይጠፋል። ጎረቤቶቹም አጭደው፣ ከምረው፣ ምንም ሳይቀምሱ ይሄዳሉ። «ጎተራው ሞላ» ይሉና ጋሽ ዘለቀ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «ሞላ፤ በረከት ግን አልነበረውም። የደከመለት ሰው ሳይቀምስ የወጣበት ቤት፣ ቤት አይባልም።» እኔ ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለእሳቸው ግን የሚኖሩበት ሕግ ነበር።

አንድ ክረምት በሰፈራችን ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር መጡ። በበጎ ፈቃድ የደካሞችን ቤት እንጠግናለን ብለው የጋሽ ዘለቀን ቤት መረጡ። ጋሽ ዘለቀ መጀመሪያ የጠየቁት «ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?» ብለው ነው።

«ፋዘር፣ በቃ እርስዎ ምንም እንዳያስቡ» አለ አንድ ረጅም ልጅ፤ «ቆርቆሮውንም ምስማሩንም እኛ እናመጣለን። ማለቴ፣ በነፃ ነው።»

ጋሽ ዘለቀ ፈገግ አሉ። ልጁ ይሉኝታ ይዞት የተናገረው መሰላቸው፤ የኛ ሰው መቼ አፍ አውጥቶ አብሉኝ ይላል? በማግስቱ ከዘበኝነት ዘመናቸው የቀረውን፣ ሌሊት ከብርድ ልብሳቸው ላይ የሚደርቡትን ካፖርት ለቁራሌው ሲሸጡ እናቴ ደረሰች።

«ምነው ጋሽ ዘለቀ፣ በዚህ ብርድ?» አለቻቸው።

«ታዲያ ደቦ ጦሙን ሊውል ነው እንዴ?» አሏት። ልጆቹ ደቦ አለመሆናቸውን ልታስረዳቸው ሞከረች። እሳቸው ግን እንደ ቀልድ ነው የሰሟት።

ልጆቹ ግሩም ልጆች ነበሩ፤ ይህን መናገር አለብኝ። የዛገውን ቆርቆሮ አንስተው አዲስ መቱ፣ የፈረሰውን ግድግዳ ጭቃ መረጉ፣ አንዳቸውም ሲለግሙ አላየሁም። ሲጨርሱ ጋሽ ዘለቀ ዳቦና ንፍሮ አቀረቡላቸው፤ ለስላሳም ነበረ። ደክሟቸዋልና እየተሳሳቁ ጠራርገው በሉት። ጋሽ ዘለቀ «ብሉ እንጂ፣ ኧረ በሞቴ» እያሉ በመካከላቸው ሲመላለሱ፣ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጣራው አላፈሰም። ብርዱ ግን ነሐሴን ሙሉ ጠናባቸው። መብራት ሲጠፋ እንደ ድሯችን ብንሄድም ሳላቸው ተረቱን ከመሀል ያቋርጠው ጀመር፣ ቆይቶም እናቴ «አታድክሟቸው» ብላ ከለከለችን። መስቀል ሳይደርስ አረፉ።

በለቅሶው ቀን ዝናቡ አልቆም ስላለ ቤታቸው ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ተማሪዎቹም መጥተው ነበር። ያ ረጅም ልጅ ዓይኑ ቀልቶ እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ዝናቡ ሲበረታ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየና «ብቻ ሳያፈስባቸው አረፉ» አላት። እናቴ ስለ ካፖርቱ ትንፍሽ አላለችም። «ተባረክ ልጄ» አለችው፣ ነጠላዋንም ወደ ዓይኗ ሳበች።

ያ ግቢ ዛሬ ፈርሷል። እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ ክረምት ሲመጣ ተማሪዎቼን ውጡ፣ ሰው እርዱ እላለሁ፤ የምለውም ከልቤ ነው። ምሳቸውን ይዘው እንዲሄዱም እነግራቸዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱ እናንተን ለመቀበል ምን እንደሸጠ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ማንም እንደማይነግራቸው አውቃለሁ። ጋሽ ዘለቀም ቢጠየቁ «ምንም» ነበር የሚሉት።