አቧራ ያልነካው ጫማ

ሰውየው ጠዋት ጠዋት ከመርከቡ የቁርስ ገበታ ላይ ዳቦና አይብ ለሁለት ሰው የሚሆን ይጠቀልላል። እሱም እንደ ሌላው ኖርዌጂያዊ የመንገድ ስንቅ ቢይዝ ምን ይገርማል? ግን ከክፍሉ ሌላ ሰው ሲወጣ አብራው የምትጓዘው ቶርዲስ አይታ አታውቅም። ሠላሳ ዓመት በበርገን ወደብ ጉምሩክ ሻንጣ ስትፈትሽ ኖራለችና ዓይኗ ጫማው ላይ አረፈ። በሦስት ሳምንት ኔፕልስንም ማልታንም ሮድስንም አዳርሰዋል። ሰውየው እራት ላይ ስለ ዳገቱና ስለ ሙቀቱ ያወጋቸዋል፤ የጫማው ሶል ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው።

"ይሄ ሰውዬ የደበቀው ነገር አለ" አለች ለባሏ።

"ጡረታ ወጥተሽም ፍተሻው አልለቀቀሽም?" ብሎ ሳቀባት።

አቴንስ ሲደርሱ ሁሉም ሲወርድ እሷ ቀረች። ሰውየው ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ስንቁን ይዞ ተመልሶ ክፍሉ ገባ። ተከትላው ሄዳ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች።

"እጄን ያዢ፣ ደረጃው ያንሸራትታል።"

"ቀስ በል እንጂ" አለ የሰለለ፣ አልጋ የያዘች ሴት የሚመስል ድምፅ፣ "አክሮፖሊስ እንደሆነ ጥሎን አይሄድ።"

እራት ላይ ሰውየው፣ "እናንተስ፣ ዛሬ ወጣችሁ?" ሲል ጠየቀ።

"ወጣን እንጂ!" አለች ቶርዲስ ከባሏ ቀድማ፣ "ደግሞ ደረጃው ሲያንሸራትት!"