ያማራት እናቷ ናት

ዳቦ ጋጋሪዋ ካረገዘች ወዲህ የእርሾ ሽታ ጠላቷ ሆነ። ሊጥ ባቦካች ቁጥር ሆዷ ይገለበጥባታል፤ የቀመሰችውም አይረጋላትም። ባሏ ጨንቆት፣ «ምን አማረሽ? ከየትም ብዬ አመጣልሻለሁ» አላት።

«እናቴ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እናቷ ሩቅ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የሌላ ሰው ሕፃን ታሳድጋለች። ባሏ ወዲያው ለእናቷ ደውሎ ስልኩን ሰጣት።

«ሆድሽን ባዶ አታድርጊው፣ የኔ እናት። ትኩሱ ከሸተተሽ የቀዘቀዘ ድንች ጥቂት ጥቂት ቅመሺ» አለቻት እናቷ።

«አጠገቤ ብትሆኚ እኮ እበላ ነበር፣ እማዬ።»

«አለሁልሽ፣ አልዘጋም፤ ብዪ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቀስ እያለች አላመጠች። ከወዲያ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ እናቷም «እሹሩሩ» ስትለው ሰማች። ድንቹ ረጋላት፤ ስልኩን መዝጋት ግን አቃታት።