ካውያው የጠጣው ውሃ

እናቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ሱሪ ስታሳጥር ሜትር አታነሳም፤ አየት አድርጋ «ሦስት ጣት» ትላለች፣ ሦስት ጣት ይሆናል።

አምና የወደቀ መቀስ ልታነሳ ጎንበስ ብላ በእጇ ብትደገፍ፣ የእጅ አንጓዋ ቀጭ አለ። ለመቀስ! የአጥንት ሐኪሙ «አጥንትዎ ሳስቷል። የካልሲየም እንክብሉን እንዳያቋርጡ፤ መውደቅ ደግሞ በፍጹም» አላት። መንፈቅ ሳይሞላ ጎኗን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለ። የኩላሊት ሐኪሟ በበኩሏ «እንክብሉ ከምግብ ጋር ብቻ ይሁን፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ» አለቻት። ከድጡ ወደ ማጡ! እንክብሉን ብከለክላት አጥንቷ፣ ብሰጣት ጠጠሯ፤ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ውሃውን የሙጥኝ አልኩ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሁለት ጠርሙስ ሞልቼ የስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀምጥላታለሁ። ማታ ባዶ ነው። «ጎሽ የኔ እናት!» ብዬ ጉንጯን እስማለሁ።

አንድ ቀን ቶሎ ወጥቼ ልብስ ስፌት ቤቷ ብደርስ፣ የኔን ውሃ ኮት ላይ እየረጨች ትተኩሳለች።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከጠጣሁ መውረድ አለብኝ፣ ልጄ። ሽንት ቤቱ ታች ነው፤ ሃያ ሁለት ደረጃ። የአጥንቱ ሐኪም አትውደቂ ብሎኝ የለ?»

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል። እኔ ግን ጠይቄም አልሰማሁ። ንዴት ዓይኔን ጋርዶት «ጠጠሩ ይገድልሻል!» ብዬ ጮህኩባት፤ አጠገቧ ቆሜም ሙሉ ጠርሙስ አስጨለጥኳት። ፊቷን እንደ ሕፃን አጨማዳ ጠጣችልኝ።

ወዲያው ኮቱን የሚወስደው ደንበኛ መጣ። እኔ ኮቱን እያጠፍኩለት ሳለሁ፣ እሷ ልታስቸግረኝ ስላልፈለገች ብቻዋን ወደ ደረጃው ወጣች። ድምፁን ሰማሁት። ምነው ጆሮዬን በደፈነው!

ዳሌዋ ተሰብሯል። ሐኪሙን «ፔዳሉን የምረግጠው በቀኝ እግሬ ነው፤ እሰፋለሁ አይደል?» አለችው። እሱ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ።

አሁን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ከንፈሯ ደርቋል። ብርጭቆውን ሳነሳ አየችኝ፤ ቂም የለባትም፣ እሱ ነው የሚገድለኝ።

«ልጠጣ ወይስ ይቅርብኝ፣ ልጄ?» አለችኝ።