አርዮስን የሆነችው እህቴ

ትናንት ዙሪክ፣ ዜባህ የሚባለው ሰፈር፣ የእህቴ ልጅ በፌስታል ጠቅልላ ያስታቀፈችኝ የጥጥ ጢም ስንት ዘመን አልፎበትም ኮላ ኮላ ይሸታል። «ማሚ ይሄን መጣል እምቢ ትላለች» አለችኝ፣ እናቷ አሁንም ከጓዳ ሆና እምቢ የምትል ይመስል። ባቡር ውስጥ እስከ ጄኔቫ እያወጣሁ ሳሸተው ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ፤ አልፈርድባቸውም።

ጢሙ የአርዮስ ነበር። ልጆች ሳለን ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር ውስጥ፣ ከፕሮቴስታንቶች በምንዋሰው አዳራሽ፣ አባባ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ሰብስበው የኒቅያን ጉባኤ በድራማ ሊያሳዩ ተነሡ። ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን የሚሆን ልጅ ጠፋ፤ እናቶችም «የኔ ልጅ መናፍቅ አይሆንም» ብለው አኮረፉ። በመጨረሻ እኔ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ትርሲት «በቃ እኔ ልሁን» ብላ ጢሙን ለጠፈች። አርዮስን የተከራከረው፣ ለሃይማኖቱ ሲል አምስት ጊዜ የተሰደደው አትናቴዎስ ለኔ ደረሰኝ። አባባ ራሳቸው ስደተኛ ስለሆኑ ይመስለኛል፣ የሱን ነገር ሲያነሡ ድምፃቸው ይሰባበር ነበር።

በዕለቱ እታለም ክህደቷን እንደ ውሃ አወረደችው። ተራው የኔ ሲሆን ቃሉ ጠፋኝ፤ አባባ ከፊተኛው ወንበር አፈጠጡብኝ። ያን ጊዜ ከግራዬ፣ ከዚያ ጢም ስር፣ «ወልድ ከአብ ጋር እኩል ነው በል» ብላ ሹክ አለችኝ። አልኩት፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ አርዮስ ባቀበለኝ መልስ አርዮስን ረታሁት። ስንመለስ ትራም ውስጥ እየሳቀች ጎኔን ትቆነጥጠኝ ነበር።

ካደገች በኋላ ለሥራ ዙሪክ ሄዳ ጴንጤ ሆነች። አባባ «መናፍቅ ቤቴን አይረግጥም» አሉ፤ ግራንድ ሳኮኔ ያለውን የቤታችንን በር የዘጋሁባት ግን እኔ ነኝ። የፋሲካ ዕለት ዳቦ ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማ «እኔም እኮ ወልድ ከአብ እኩል ነው ነው የምለው፣ ረሳኸው እንዴ?» ስትለኝ ቁልፉን አዞርኩት። ለሃይማኖቴ ቀንቼ ነው ስል ኖርኩ፤ አባባን ፈርቼ ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላም አልደወልኩም፤ ዛሬ ነገ ስል፣ ሦስት ሰዓት በማይሞላ የባቡር መንገድ ተለያይተን ዕድሜያችን አለቀ።

ትናንት በሽኝቷ ጸሎት ላይ ፓስተሩ «ወንድሟ አንድ ቃል ይበሉን» አሉ። ተነሣሁ። ይቅር በይኝ ልላት አስቤ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። ሳላስበው ወደ ግራዬ ዞርኩ። ሳጥኑ እዚያ ነበር። ሰዉ በትዕግሥት ጠበቀ፤ እኔም ጠበቅኩ፤ ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።