ጓሳው የማን ነው?

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አዲስ አበባ

የአውቶቡስ ተራው በር ሲከፈት ሕዝቡ ገፍቶ አስገባኝ። በየትኛው መኪና እንደተሳፈርኩ እንኳ አላየሁም። ልወርድ ስል ረዳቱ «ማርቆስ ነው፣ ማርቆስ! ቁጭ በል!» አለኝ። የምሄደው ወደዚያው ስለነበር ቁጭ አልኩ። ግራ እየገባኝ የጀመርኩት መንገድ ግራ እንዳጋባኝ አልቋልና፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥርት ያለ ነገር ከእኔ አትጠብቅ።

የዓመት ፈቃዴን ተፈጥሮ እያየሁ ላሳልፍ ነው የወጣሁት። አምና አንድ ሐይቅ ዳር፣ የአንድ ሀብታም ሎጅ ውስጥ አርፌ ነበር። አልጋው ጥሩ፣ ዓሣው ጥሩ። ነገር ግን ከአጥሩ ማዶ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ድሮ ከብቶቻቸው ውሃ ይጠጡ የነበረው እኔ እግሬን ከምነክርበት ቦታ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ዓሣው አልዋጥልህ አለኝ። ዘንድሮ የአገሩ ሰው ራሱ የያዘው ቦታ ካልሆነ አልሄድም ብዬ ማልሁ። ጮቄ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ የእንግዳ ማረፊያ እንዳለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነገረኝ። ሚስቴ «ሳር ለማየት ጎጃም ድረስ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚያው ቀን፣ ደጀን

የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ አቀበቱ አልቆ ደጀን ስንደርስ መልሼ ለበስኩ። የጭነት መኪኖቹ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ ዝንጀሮዎቹ በመንገዱ ጠርዝ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ። ደጀን ላይ ሽሮ በላን። ሉማሜ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ ግራ ቀኙ ጤፍ ነው፤ የኅዳር ጤፍ፣ ቢጫውም ቀዩም እየተኛ።

ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ

ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ቦርሳዬን ያዘ። ተራራው ላይ ማረፊያ አለን፣ ሙቅ ውሃ አለው፣ ፈረስ አለው አለኝ።

«የማን ነው ቦታው?» አልኩት።

«የማኅበረሰቡ።»

«ማኅበረሰቡ እነማን ናቸው?»

«እኛ ነና!»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

ትንሽ አሰበ። «እኔና አጎቴ» አለ።

ቦርሳዬን ተቀበልኩት። ያደርኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ደግሞ «ላይ ያለውን ሌላውን ከሆነ የሚፈልጉት፣ እሱ የማንም አይደለም። ገበሬዎቹ እየተቀባበሉ ነው የሚይዙት። አልመክርዎትም» አለችኝ። የማንም ያልሆነና የአጎት የሆነ። ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አድሬ የማንም ያልሆነውን መረጥኩ።

ቅዳሜ፣ ከሮብ ገበያ ወደ ላይ

እስከ ሮብ ገበያ የድንች ጆንያ በጫነ አይሱዙ፣ ከዚያ በፈረስ፣ ከዚያ ፈረሱም ሲደክመው በእግር። ገብስ የሚያጭዱ፣ የሚከምሩ፣ የሚወቁ ሰዎች በየማሳው አሉ። ከማሳዎቹ በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ ሰው የሚያህለው የደጋ ተክል ጅባራ፤ ጅባራዎቹ በጉም ውስጥ ቆመው ሲታዩ ለቅሶ የመጡ ሰዎች ይመስላሉ። ከሁሉም በላይ ጓሳው ነው። ረጅም፣ ወፍራም ሳር፣ ተራራውን ሙሉ ለብሶ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቆሜ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ማረፊያው በጓሳ የተከደነ ክብ የጭቃ ቤት ነው። ቁልፉን ይዘው የጠበቁኝ እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡልኝና «ይብሉ እንጂ፣ ብርዱ አንጀት ይፈልጋል» አሉኝ።

ጥያቄዬን ጀመርኩ። ጓሳው የማን ነው? ፈረሱን ያከራየኝ ሰው «የመንግሥት» ብሎኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያገኘኋቸው ቄስ ምናለ «የጊዮርጊስ ነው ልጄ» አሉኝ። ገብስ ሲወቁ ያገኘኋቸው አቶ አለልኝ ደግሞ ላባቸውን ጠርገው «ለጊዜው የማንም አይደለም። ከብት አይገባበት፣ ሞፈር አይገባበት። ቆሞ የሚታይ ሀብት አይተው ያውቃሉ?» አሉ። እትዬ ጥሩዬን ስጠይቅ «የተረኛው ነዋ!» አሉኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ድምፅ።

ቀስ በቀስ ገባኝ፤ ገባኝ ካልኩ። የአገሩ ሰዎች የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበር አላቸው። በየወሩ በሃያ ሦስት በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመረቃሉ፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባሉ። ጓሳውን ለመከለልና እንግዳ ለመቀበል ሲስማሙ ኮሚቴ አላቋቋሙም፤ በጽዋው ላይ ጫኑት። ጽዋውን የያዘ ሰው የዚያን ወር ጓሳውን ያስጠብቃል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፣ እንግዳ የከፈለውም የእሱ ነው።

«ታዲያ አሁን ተረኛው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አምናም እኔ፣ ባለፈው ወርም የሚረከበኝ ጠፍቶ እኔው፤ ከእንግዲህ አይደገምልኝም» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «እንግዳ እንደልብ አይመጣም። አሁን ደግሞ አጨዳ ነው፣ ማን ጓሳ ሲጠብቅ ይውላል? ነገ ሃያ ሦስት ነው። ጽዋውን የሚያነሳ ካልተገኘ ማኅበሩ ፈረሰ። ጓሳውም ይታረሳል።»

«ቢታረስ ምን ይሆናል?»

ከደጃቸው በታች ወዳለው ምንጭ ወሰዱኝ። ውሃው ከጓሳው ሥር ነው የሚመጣው። ተራራው ይታረስ በነበረበት ዘመን ምንጩ ገና በጋው ሳያልቅ ይደርቅ እንደነበር፣ ውሃ ፍለጋ ገደል ሲወርዱ የበኩር ልጃቸው ከሆዳቸው እንደወረደባቸው ነገሩኝ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም።

ከዚያ እስኪመሽ ከቤት ቤት እየዞርኩ ተራው እንዴት እንደሚያዝ፣ ለማን እንደሚደርስ፣ እምቢ ያለ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁ። ሁሉም በአክብሮት መለሱልኝ፣ ከጀርባዬም ተያዩ። ለምን እንደተያዩ አልገባኝም።

እሑድ፣ በእትዬ ጥሩዬ ቤት

ጠላ፣ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮ። ቄስ ምናለ ባረኩ። ጽዋው ነጭ ነጠላ ለብሶ መካከል ተቀምጧል። ጨዋታው ደርቶ ነበር፤ የማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ ግን ሰው ሁሉ ወለሉን ያይ ጀመር።

አቶ አለልኝ ተነሱ። «እኔ ጊዮርጊስን አልከዳሁም። ልጆቼ መሬት አነሳቸው ነው የምለው። የሚያነሳ ካለ ያንሳ፤ ከሌለ ገብስ እንዝራበት።» አንዳንዶች አጉረመረሙ፣ አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቴን ነው፣ የእሳቸውም ነገር ልክ መስሎ ታየኝ። የእትዬ ጥሩዬም ልክ ነው። ማን ጋ እንደምቆም ጠፋኝ።

ቄስ ምናለ «የሚያነሳስ አለ» አሉ። «ትናንት እስኪመሽ ደጃችንን ሲጠና ነበር። አላያችሁትም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

በዚያ አገር ማኅበር መግባት የሚፈልግ ሰው «አስገቡኝ» አይልም ለካ። ነውር ነው። ከቤት ቤት እየዞረ ስለ ተራው ይጠይቃል፣ ሰውም ልቡን ይረዳለታል። እኔ ለራሴ ዕረፍት የሚሆን ቦታ መምረጤ ነው፤ እነሱ ግን ሲመካከሩብኝ አምሽተዋል።

«አባ፣ ስህተት አለ» አልኩ። «እኔ እንግዳ ነኝ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቦታው የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዬ ነው እንጂ...»

«ለማወቅ ብቻ?» አሉ ቄሱ፣ እሳቸውም ግራ ተጋብተው። «የማን መሆኑን ማወቅ ምን ይሠራልዎታል ታዲያ?»

እትዬ ጥሩዬ ወደ እኔ አላዩም። በበሩ በኩል ወደ ላይ፣ ወደ ጓሳው ነበር የሚያዩት። «አያስጨንቋቸው አባ» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ የሚሄዱ ሰው ናቸው።»

ነገሩ እውነት ነው፣ ግን አንገበገበኝ። አምና በአጥሩ ማዶ የቆሙት ሰዎችም ስለ እኔ እንዲሁ ብለው ይሆናል። እጄን ዘረጋሁና ጽዋውን አነሳሁ።

እልልታው ቤቱን ሞላው። አቶ አለልኝ «ተረኛው አዲስ አበባ ሆኖ ጓሳው እንዴት ይጠበቃል?» ብለው ጮኹ።

«ጽዋ ያነሳ አለ ወይስ የለም?» አሉ ቄስ ምናለ።

አቶ አለልኝ አዩኝ፣ ጽዋውን አዩ። «አለ» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አይታረስም» አሉ ቄሱ። « ለታኅሣሥ ጊዮርጊስ ደግሶ ይጠራናል፤ እዚሁ፣ በማረፊያው ቤት።»

እትዬ ጥሩዬ ዳቦ ቆርሰው በእጄ አስያዙኝ። «እስከዚያ ጓሳውን እኔ አይልሃለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ እርስዎ የለም፤ በማኅበርተኛ መካከል አንተና አንቺ ነው» አሉኝ። አለችኝ፣ ማለቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ወደ አዲስ አበባ

ጽዋው በነጠላው ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው። ረዳቱ ላይ እንጫነው አለ፤ አይጫንም አልኩት። ደጀን ላይ ሁሉም ሲወርድ እኔ አልወረድኩም፤ ይዤው ልብላ ወይስ ትቼው ልውረድ የሚለው አልለይልህ አለኝና ራቤን ዋጥኩ። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት አቅፌው ስወርድ፣ ምን አድርጌ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ጠላ መጥመቅ አላውቅም። ቄስ ምናለ ሲመርቁኝ ያሉትን ግማሹን በግዕዝ ስለሆነ አልሰማሁትም። ጓሳውን አተረፍኩ ወይስ የአቶ አለልኝን ልጆች ገብስ ቀማሁ? አላውቅም።

ሚስቴ በሩን ከፈተችና «ሳሩን አየኸው?» አለችኝ።

«ተረከብኩት» አልኳት፣ ጽዋውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንድታስረዳኝ ይመስል እኔም አብሬያት አየሁት።

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ጥሩዬ ናት፤ ኔትወርክ ከሚይዝበት ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ነፋሱ ከድምፅዋ ጋር ይመጣል።

«እንግዳ መጣ» አለች። «ቦታው የማን ነው እያለ ያደርቀናል። ምን እንበለው?»

«የእኛ ነው በሉት።»

«እሱንማ አልነው! እናንተ እነማን ናችሁ ይለናል።»

ጽዋውን አየሁ። ሚስቴን አየሁ።

«ከእኔ ስም ጀምሪለት» አልኳት።