ላቡን ስንጠብቅ

ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ ለራስ ምታቷ ዳማከሴ ተቀብታ ክፍል ስትገባ ሽታውን ሽሽት መስኮቱን ከፈትሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ስኳር ያለበት አባቴ ጣና ዳር ታንኳ ሲያስር ገመዱ ከቀኝ እጁ ሾልኮ ወደቀ። አፉ ተጣመመ። ሊጠራኝ ሞክሮ ስሜ አልወጣለት አለ። አባቴ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምች መትቶት ነው» አሉ አያቴ፣ ዳማከሴውን ፊቱ ላይ እያሹ። «ላብ ሲያልበው ይለቀዋል።»

እስኪያልበው ጠበቅን፤ ሐኪም ቤት የደረስነው በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።

አሁን ተማሪዎቼን፣ አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ እላቸዋለሁ። አያቴ ግን ትናንት «ያኔውኑ ብንወስደው ይናገር ነበር?» አሉኝ።

ማስረዳት የማይሰለቸኝ እኔ «እንጃ፣ እምዬ» አልኋቸው።