የቱና ማጠንጠኛ በቆጋ ውሃ ላይ

ሉባባ ከዓረብ አገር ስትመለስ ሰው ሁሉ ወርቅ ጠበቀ። እኔም ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እሷ የእህል ማዳበሪያና ገመድ ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ ክርና የልብስ ቁልፍ። ሻንጣዋን ስትከፍት አንገቴን አስግጌ ባይ ከልብሷ መሃል በፎጣ የተጠቀለለ ብረት ወጣ። እጀታ አለው፣ ይሽከረከራል፣ ሲያነሱት እጅ ይጎትታል።

"ይሄ ደግሞ የምን ወፍጮ ነው?" አልኳት።

"ወፍጮ አይደለም ሠርኬ! የዓሣ ክር ማጠንጠኛ ነው፤ የቱና!" አለችና እንደ ጨቅላ አቀፈችው።

ቱናን እኔ የማውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። ሉባባ ግን ከነነፍሱ አይታዋለች። ኦማን ቤት ሠራተኛ ሆና ያገለገለቻቸው አሮጊት ልጆች ከሰው ጋር በጋራ ጀልባ እየያዙ ባሕሩ መሃል ድረስ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ምግብ እንድታቀርብላቸው ይዘዋት ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ ሲደክመው የማጥመጃውን ዘንግ አስያዛት፤ ያን ጊዜ ከታች አንድ ነገር ያዘና ወደ ባሕሩ ሆድ ጎተታት። "ክንዴ እስኪዝል ታገልኩት" ትላለች እስከ ዛሬ፣ ዓይኗ እየበራ። "አወጣሁት ወላሂ! ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ ሥራ አይመስለኝም።" ስትሰናበታቸው ምን እንስጥሽ ቢሏት አሮጌ ማጠንጠኛቸውን ጠየቀች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ባሕር በሌለበት አገር የቱና ማጠንጠኛ ምን ያደርጋል? እኔም እንዲህ እያልኩ ስስቅባት ከረምኩ። ሉባባ ግን ለበቆሎ ነጋዴዎች ማዳበሪያ ልታስረክብ መራዊ ትመላለስ ነበርና እዚያ የቆጋን ግድብ አየች። ውሃው ላይ አምስት ሰዎች በጋራ የሚያጠምዱበት ጀልባ አለ። የጀልባው አለቃ አያ ገነነ ናቸው፤ መሬት ሲያካልሉ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ። ከአምስቱ አንዱ ወደ ባሕር ዳር ቤቱን አዛወረና ቦታው ባዶ ሆነ። ይህን በሰማችበት ቀን ሉባባ ማዳበሪያውን እንኳ ሳታራግፍ አያ ገነነ ደጅ ቆመች።

ክንፈሚካኤል የሚባለው የጀልባው ባልደረባ ቦታውን ለሚስቱ ወንድም አስቦት ኖሯል፤ "ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ጀልባ ላይ?" ብሎ አጉረመረመ። አያ ገነነ ሁለቱንም ሰሙና ፈረዱ።

"አንድ ቀን ትሞክር። የማንንም ክር ሳታወሳስብ ከዋለች ቦታው የሷ ነው። ካወሳሰበች የክንፈሚካኤል ዘመድ ይገባል። ብቻዋን ግን አትምጣ፤ ሴት ጓደኛ ይዛ ትምጣ።"

ጓደኛዋ እንግዲህ እኔ ነኝ። ከባልዲ የጠለቀ ውሃ የምፈራ እኔ!

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአንድ ጀልባ ላይ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ክር ሲጥሉ፣ አንዱ የያዘው ዓሣ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ የሁሉም ክር እንደ ተተበተበ የጥጥ ልቃቂት ይሆናል። የዚያን ቀን ሥራ ያከትማል፤ ጠቡም ይጀመራል። ስለዚህ ሉባባ ዓሣ መያዟ ብቻ አይበቃም፤ ሳይሮጥ በቀጥታ ማውጣት አለባት። ሁሉ ነገር የሚወሰነው በምትይዘው ዕቃ ነበር።

ያን ሰሞን ሱቋ ሱቅ መሆኑ ቀረ። ቡሬ ስልክና ሬዲዮ የሚሸጠው የአጎቷ ልጅ ማህዲ ከአዲስ አበባ አንድ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ማጠንጠኛና ረዥም ዘንግ አስመጣላት። ዕቃውን ይዞ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣና ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው።

"ሲስተር፣ ዘመናዊው ይሄ ነው!" አላት። "ክብደቱን እይው እስቲ፤ ላባ! ያ የአንችኛው እኮ የመኪና ሞተር ነው።"

ሉባባ ትንሹን አነሳች፣ አሽከረከረች፣ ፈገግ አለች። ወዲያው ክሩን ለእኔ አስያዘችኝና "ሩጭ!" አለችኝ። በገበያው መሃል፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽሮ ከሚሸጡት አጠገብ ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ። እሷ የማጠንጠኛውን ፍሬን አጠበቀች። እኔን ዓሣዋን ግን የሚያቆመኝ አልተገኘም፤ ትንሹ ማጠንጠኛ እየጮኸ ክሩን ለቀቀው፤ እስከ ልብስ ሰፊዎቹ ደረስኩ። ቀጥሎ የቱናውን አመጣች። እንደገና ሮጥኩ፤ ገና ሦስት እርምጃ ሳልሄድ እንደ በቅሎ ተገትሬ ቀረሁ! ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሉባባም እየዘለለች ማህዲን ትከሻውን መታችው።

"አየህ? ሰው በሞላበት ጀልባ ዓሣው እንዲሮጥ አይፈቀድለትም። ክብደቱን እኔ እችለዋለሁ።"

"እሽ፣ ዘንጉስ?" አለ ማህዲ፣ ሽንፈቱን በግማሽ እየዋጠ።

"ዘንግህ ረዥም ነው። ከዳር ሆኖ አርቆ ለሚወረውር ሰው ይሁን። እኔ የምጥለው ከጀልባው ሥር ቁልቁል ነው፤ ረዥሙን ባወዛውዝ የጎረቤቴን ዓይን አወጣለሁ። አጭር፣ ወፍራም አምጣልኝ።"

አመጣላት። ከሱ ጋር መንጠቆ ያለው፣ ዓሣ የሚመስል ከባድ ብረትና አንድ ጥቅል ክርም ላከ። ክሩን ሳይ ግን ተናደድኩ። ክር ሻጭ ነኝ፤ ክር ሲሰድቡብኝ አልወድም። ቀጭን፣ ለጥልፍ የሚሆን ነገር!

"በዚህ ዓሣ ልትይዥ ነው? ዶሮ እንኳ አያስርም!"

"ወፍራም ክር ውሃው ይገፋዋል ሠርኬ። ተገፍቶ የሌላው ሰው ክር ላይ ይሄዳል። ቀጭኑ ከከባዱ ብረት ጋር ቀጥ ብሎ ይወርዳል።"

"ይበጠሳል እልሻለሁ!"

ተወራረድን። የሱቋ ጣሪያ ወራጅ ላይ ግማሽ ማዳበሪያ በቆሎ በዚያ ክር አንጠለጠልነው። ሰው ተሰበሰበ፤ ባጃጅ ሁሉ ቆመ። ማዳበሪያው ተወዛወዘ፣ ወራጁ ሲጥ አለ፣ ክሩ ግን ወይ ፍንክች! ቀርቤ ሳየው ለካ ስስ ስስ ክሮች ተገምደው የተሠራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አልኩ። ቀጥሎ የተጣደፍኩት እኔ ሆንኩ፤ መቼ ነው የምንሄደው እያልኩ እንቅልፍ የነሳኋት እኔ ነኝ!

ቀኑ ደረሰ። መራዊ ስንደርስ አያ ገነነ ለቅሶ ሄደዋል። "ጀምሩ፤ በሰው ታንኳ ደርሼ እገባለሁ" ብለው ልከዋል። ክንፈሚካኤልና ሁለቱ ባልደረቦቹ ጀልባውን ገፉት። እኔ ሉባባ ቢስሚላህ ስትል ሰምቼ በስመ አብ ብዬ ከኋላ ገባሁ፤ ውሃ መጨለፊያ ጣሳ አስታቀፉኝ። ወንዶቹ በአንደኛው ጎን ተደርድረው ተቀመጡ። ሉባባን በወዲያኛው ጎን ብቻዋን አስቀመጧት፤ እግሯን በጀልባው አግዳሚ እንጨት ላይ አደላድላ ዘንጓን ያዘች።

ግድቡ አጠገብ ጥልቁ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፉ። ሉባባ ብረቷን ጣለች። ታወርዳለች፣ ነቅነቅ ታደርጋለች፣ ትጠቀልላለች፣ እንደገና ታወርዳለች። ክንፈሚካኤል በዓይኑ ጥግ ያያታል። ፀሐዩ ከፍ አለ። እኔ ከፍርሃቴ ተላቅቄ ቁርስ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ድንገት ዘንጓ ጎበጠ!

"ያዘኝ!" ብላ ጮኸች። "ሠርኬ፣ ያዘኝ!"

"አጥብቂ!" አልኩ፣ ምኑን እንደምታጠብቅ ሳላውቅ። ማጠንጠኛው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ዓሣው ቁልቁል ይጎትታል፤ እሷ ወደ ኋላ ተለጥጣ ትይዛለች። ወንዶቹ የራሳቸውን ክር ትተው እሷን ያያሉ።

በዚህ መሃል የአያ ገነነ ታንኳ ደረሰ። ከወንዶቹ ጎን ተጠግታ ቆመች፤ አያ ገነነም በትራቸውን አስቀድመው አንድ እግራቸውን ወደ እኛ ጀልባ አሻገሩ።

አገራችን እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ የተቀመጠ ይነሳል። "ኖር!" ይላል፤ መጪው "በእግዜር" ብሎ ያስቀምጠዋል። ጉልበታችን ሳያማክረን ይነሳል። ሌላ ቀን አያ ገነነ ከሁሉ ቀድመው ጀልባው ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት፤ ውሃ ላይ ተነስቶላቸው የሚያውቅ ሰው የለም። ያን ቀን ግን ሁላችንም ብድግ አልን።

"ኖር!"

ጀልባው ወደ እሳቸው ጎን ተጋደመ። ውሃው በጎኑ ገብቶ እግሬን አቀዘቀዘው፤ የክንፈሚካኤልን ኮት ይዤ እማምላክን ጠራሁ። አያ ገነነ አንድ እግራቸው ታንኳ ላይ፣ አንዱ ጀልባ ላይ፣ በመሃል ተንጠለጠሉ።

ያልተነሳችው ሉባባ ብቻ ነበረች። በወዲያኛው ጎን እግሯን ተክላ፣ ዘንጓን በጉያዋ አድርጋ፣ በሙሉ ሰውነቷ ወደ ኋላ ተንጋላ ተቀምጣለች። በሷ ክብደት ጀልባው ለአፍታ ያዝ አለ። በዚያች አፍታ አያ ገነነ ዘለው መሃላችን ወደቁ።

"ተቀመጡ!" ብለው ጮኹ በጉልበታቸው እንዳሉ። "ተቀመጡ እንጅ እናንተ!"

ተቀመጥን። ዓሣው ግን አልተቀመጠም። ግርግሩ ሲመጣለት በጀልባው ሥር ሾልኮ ወደ ወንዶቹ ክሮች ሮጠ። የሉባባ ዘንግ ጫፍ ውሃ ውስጥ ገባ።

"ክራችንን ልትጨርሰው ነው!" አለ ክንፈሚካኤል። "አምባዛ ይሆናል፣ ቅርፊት የሌለው፣ የማይበላ ነገር! በጥሽው!"

"አልበጥስም!" አለች ሉባባ። ፍሬኑን አንዴ ጠመዘዘችው። ዓሣው ገበያ መሃል እንደ ተገተርኩት እንደኔ ተገተረ። ከዚያ ያንን ከባድ ማጠንጠኛ ታሽከረክረው ጀመር፤ እያቃሰተች፣ ጥርሷን ነክሳ። ከውሃው ውስጥ አምባዛ አልወጣም። ነጭ ዓሣ ወጣ! ወፍራም፣ ቅርፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ እኔ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው ትልቅ። ከውሃው ላይ ተቀብዬ ያቀፍኩት እኔ ነኝ፤ በጅራቱ ፊቴን ሲመታኝ እንኳ እስቅ ነበር። የወንዶቹ ክሮች እንደ ነበሩ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዱም አልተነካም።

እልል ልል አፌን ስከፍት ክንፈሚካኤል ቀደመኝ።

"ክሩስ ይሁን" አለ፣ ዓይኑን ከሉባባ ላይ ሳያነሳ። "አያ ገነነ ሲገቡ ግን አልተነሳችም። ሁላችን ስንነሳ እሷ ተቀምጣለች። ነውር አይደለም ወይ?"

የተናገረው እውነት ነው፤ ያ ነው አንጀቴን ያቆሰለው። የሉባባ ፊት ከሰመ። ዘንጓን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ አያ ገነነ" አለችና ጉልበታቸውን ልትስም ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ተይ!" አሉ አያ ገነነ። ካባቸው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም። "ተቀመጭ።"

ግራ ገብቷት መሃል ላይ ቆመች።

"ከለቅሶ ነው የመጣሁ" አሉ፣ ወደ ወንዶቹ ዞረው። "አክብራችሁኝ ተነሳችሁ፤ እግዜር ያክብራችሁ። እሷም እንደናንተ አክብራኝ ቢሆን ኖሮ ነገ የኔን ለቅሶ ትቀመጡ ነበር።" ከዚያ ወደ ሉባባ ተመለሱ። "አልነሳም ብለሻል፤ አሁንም ከዚያ ቦታ አትነሽ። ያንች ነው።"

ሉባባ ተቀመጠች። ሁለት እጇን በመቀመጫው እንጨት ላይ ዘርግታ፣ እንዳይወሰድባት የያዘችው ይመስል፣ ለረዥም ጊዜ ቀና ሳትል አለቀሰች።